ሶለል፦ ከደጃፍ ወደ መድረክ

ሶለል የራያ ቆቦ ልጃገረዶች በየዓመቱ ነሐሴ 16 ቀን የሚጀምሩት የጨዋታ በዓል ነው። ነሐሴ 1 የገባው የፍልሰታ ጾም በሁለት ሱባኤ ያልቅና ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ዕርገት ስታከብር፣ ልጃገረዶች ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። ጨዋታው በአብዛኛው እስከ ነሐሴ 21 ይዘልቃል። ይኸው በዓል በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ ላሊበላ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ፣ በአክሱም ዓይኒ ዋሪ ይባላል። አጠራሩ ከአገር አገር ይለያይ እንጂ ሣሩም፣ ከበሮውም፣ የተጫዋቾቹም ማንነት ያው ነው።

ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ሶለል ሁለት ኑሮ መኖር ጀምሯል። አንደኛው የቀዬው ነው፤ እኩዮች ተሰባስበው ከቤት ቤት እየዞሩ የሚጫወቱት። ሁለተኛው የመድረኩ ነው፤ በባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች መርሐ ግብር፣ በድምፅ ማጉያና በካሜራ ፊት የሚቀርበው። ልብሱና ዜማው በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው። የሚለየው ከልብሱ በስተጀርባ ያለው ቡድን ነው። በቀዬው ሶለል ቡድኑ የራሱ መሪ፣ የራሱ ገንዘብና የራሱ ሕግ ያለው ትንሽ የልጃገረዶች ማኅበር ሲሆን፣ በመድረኩ ሶለል ግን ለአንድ ቀን የተመለመለ ተዋናይ ይሆናል። በዓሉ በተጫዋቾቹ ሕይወት ውስጥ የሚሠራው ሥራ የሚገባው ይህን ልዩነት ተከትሎ ሲታይ ነው።

ቦታውና ወቅቱ

ቆቦ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከወልድያ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ ያቀፉት ሜዳ እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉ ወንዞች የሚወርዱበት፣ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የወረዳው ነዋሪ ወደ 222,000 ይጠጋ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የገጠር ሰው ነው። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ የሚሰማበት፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ የሚገናኝበት አገር ስለሆነ፣ ራያ በዘፈኑም በአለባበሱም ከጎረቤቶቹ ሁሉ የወሰደና ለሁሉም ያዋሰ ነው።

የበዓሉ ጊዜም ከእርሻው ጋር የተሳሰረ ነው። በነሐሴ አጋማሽ ዘሩ ከተዘራ ሰንብቷል፤ አጨዳው ገና ነው። የእርሻው ሥራ ጋብ ባለበት፣ መስኩ በለመለመበት በዚህ ሰሞን ወጣቶች ተራ በተራ ይወጣሉ። ነሐሴ 13 በቡሄ ወንዶች ልጆች ጅራፍ እያጮሁ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል ይሰበስባሉ። ከሦስት ቀን በኋላ ተራው የሴቶቹ ይሆናል። በዓመቱ ውስጥ የቀዬው መንገድ ለልጃገረዶች የሚለቀቅበት ጊዜ ይህ ነው፤ በሌላው ጊዜ ውኃ ለመቅዳት፣ እንጨት ለመልቀም ወይም ለገበያ የሚሄዱበትን መንገድ በሶለል ሰሞን ለጨዋታ ብቻ ይወጡበታል።

ስለ መነሻው የሚነገረው

ስለ በዓሉ መነሻ ሦስት ትረካዎች በብዛት ይነገራሉ። የመጀመሪያው ከዕርገቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ እመቤታችን ስታርግ መላእክት በዝማሬ እንደተቀበሏት ሁሉ ልጃገረዶችም በዜማና በከበሮ ደስታቸውን ይገልጣሉ ይላል። ሁለተኛው ወደ ኦሪት ዘፍጥረት ይሄዳል፤ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችው ርግብ ይዛ የመጣችው ለምለም ቅጠል በወገብ በሚታሰረው ሣር ይታሰባል። ሦስተኛው በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 የተጻፈው የዮፍታሔ ልጅ ታሪክ ነው። አባቷ በተሳለው ስእለት ምክንያት የሞተችውን ልጅ የእስራኤል ሴቶች ልጆች በየዓመቱ አራት ቀን እየወጡ ያስቧት ነበር።

ሦስቱ ትረካዎች ስለ ታሪካዊው አመጣጥ የተለያየ ነገር ይናገራሉ፤ እርስ በርስ ግን አይጣሉም፤ በአንድ ቀዬ አንዱ አዛውንት አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ይተርካል። ለዚህ ትንታኔ የሚጠቅመው ሦስተኛው ነው። በእሱ ውስጥ ዋናው ነገር የሴቶች ልጆች በየዓመቱ በአንድነት መውጣት ነው። የዮፍታሔ ልጅ ራሷ ከመሞቷ በፊት የለመነችው ከባልንጀሮቿ ጋር በተራሮች ላይ የምትቆይበትን ሁለት ወር ነበር። ትረካው በሶለል ዙሪያ ሲነገር የኖረው በዓሉ የባልንጀርነት በዓል በመሆኑ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ቡድኑ እንዴት ይሰባሰባል

የሶለል ዝግጅት የሚጀምረው በጾሙ ውስጥ ነው። ልጃገረዶች በዕድሜና በጉርብትና ይመራረጣሉ፤ ትንንሾቹ ለብቻ፣ ለአካለ መጠን የተቃረቡት ለብቻ ቡድን ይሠራሉ። በአንድ ቡድን ውስጥ አብረው ውኃ የሚቀዱ፣ አንድ ትምህርት ቤት የሚማሩ፣ በአንድ ደብር የሚሳለሙ ልጆች ይገኛሉ። ዜማ የምታወጣዋ በድምፅዋና በቃል ችሎታዋ ትመረጣለች። ከበሮ የምትመታዋ፣ የሚሰጠውን ገንዘብ የምትይዘዋ፣ ትንንሾቹን የምትጠብቀዋም በስምምነት ይታወቃሉ። መሪነቱ በዕድሜ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ድምፅዋ ያማረና አንደበቷ የቀና ልጅ ታላቆቿን ቀድማ አውጪ ልትሆን ትችላለች።

ጌጡም በጋራ የሚሰናዳ ነው። ፀጉር ሹርባ የምትሠራ ያለችበት ቤት በዋዜማው ሰሞን ሰው አይጠፋበትም፤ አንዷ እየተሠራች ሌላዋ ትጠብቃለች፤ ከሹርባው በኋላ ቅቤ ይቀባል። ዐይን ይኳላል፤ እጅና እግር እንሶስላ ይሞቃል። ጥልፍ ቀሚሱ የራስ ቢሆንም ድሪው ከአያት፣ አልቦው ከአክስት፣ የብር መስቀሉ ከጎረቤት ይመጣል። የድሃ ልጅና የባለጸጋ ልጅ በአንድ ቡድን ውስጥ ተመሳስለው የሚታዩት ጌጥ ከቤት ቤት በመዋዋሱ ነው። ውሰቱ በወላጆች መካከል ያለውን መተማመን ያሳያል፤ ጌጥ ያዋሰች እናት ልጅቷን ሲጫወቱ ስታያት የራሷን ንብረትም የጎረቤቷን ልጅም በአንድ ዐይን ታያለች።

ሣሩ ግን አይዋዋስም። ልጃገረዶቹ በዋዜማው ወጥተው ራሳቸው ይነቅሉታል። ረጅምና ቀጭን የሆነው ለምለም ሣር በሥሩ በኩል ተስተካክሎ በገመድ ላይ ይደረደራል፤ ጥቅጥቅ ብሎ ይታሰርና ገመዱ በቀሚሱ ላይ ወገብ ይዞ ይቋጠራል። ጫፉ ወደ ጉልበት ይወርዳል። ልጅቷ ስትቆም ዝም ብሎ የሚንጠለጠለው ሣር ወገቧን ስታወዛውዝ በአንድነት ይነሣል፤ ከቀኝ ወደ ግራ ሲመለስ የሚያሰማው ሽውታ ከከበሮው ምት ጋር ይገጥማል። የሣሩ አሠራር ላልቶ ከሆነ በጨዋታው መካከል ይፈታል፤ ስለዚህ ከመውጣታቸው በፊት እርስ በርስ ይፈታተሻሉ። ከሰዓት በኋላ ሣሩ መጠውለግ ሲጀምር በማግስቱ የሚታሰረውን ትኩስ ሣር የማምጣቱ ተራ ይነሣል።

በደጃፍ ላይ

በመጀመሪያው ቀን ቡድኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ለእመቤታችን ይዘምራል፤ ከዚያ ወደ ሽማግሌዎችና ወደ ታወቁ አባወራዎች ቤት ይሄዳል። በደጃፉ ላይ የሚሆነው ነገር የራሱ ሥርዓት አለው። አውጪዋ ከደጅ ቆማ ትጀምራለች፤ ሌሎቹ እያጨበጨቡ ይቀበሏታል። ባለቤቱ ሲወጣ ዜማው ወደ ሙገሳ ይዞራል፤ የአባወራው ደግነት፣ የእማወራዋ እጅ፣ የልጆቻቸው መልክ በግጥሙ ውስጥ ይገባል። አውጪዋ ከቤት ቤት የሚለዋወጥ ግጥም ስለምትፈልግ ማን ልጁን እንደዳረ፣ ማን አዲስ ቤት እንደሠራ፣ ማን እንደታመመ ማወቅ አለባት። ሁለት ሁለት ሆነው ወደ መካከል እየገቡ የሚጨፍሩት የቡድኑን ችሎታ ያሳያሉ። ሽልማቱ ገንዘብ፣ እህል ወይም በቤት ያለ ምግብ ሊሆን ይችላል። ሲሰጣቸው መርቀው ይወጣሉ።

ንፉግ ሰው ሲገጥማቸው ግጥሙ ሾል ያለ ይሆናል። በሌላ ቀን ከታላቅ ፊት አንገቷን የምትደፋ ልጅ በሶለል ሰሞን የሀብታሙን ስስት በዜማ ልትነካ ትችላለች፤ ተነካሁ ብሎ የሚቆጣ አባወራ ራሱን ያስገምታል። ይህ ፈቃድ ለአንድ ሰው የተሰጠ አይደለም፤ ለቡድኑ ነው። አንዲት ልጅ ብቻዋን ብትናገረው ብልግና የሚሆነው ቃል በሃያ ልጆች እጅ ጭብጨባ ሲታጀብ ጨዋታ ይሆናል።

ከደጃፍ ወደ ደጃፍ ሲኬድ በመንገድ ላይ የሌላ መንደር ቡድን ያጋጥማል። ያን ጊዜ ፉክክር ይነሣል፤ የማን ሹርባ እንዳማረ፣ የማን ከበሮ እንደጸና፣ የማን አውጪ ግጥም እንደማይነጥፍባት ተመልካቹ ይፈርዳል። ከተመልካቾቹ መካከል ወጣት ወንዶች ይበዛሉ፤ ሶለል ከጥንት ጀምሮ ሚስት የሚታጭበት ወቅት ነው። በጨዋታው ላይ ያለችን ልጅ መጎተት ወይም መድፈር ግን በነውር የሚታይ ነው፤ ጠባቂዎቹ የራሷ ወንድሞችና የመንደሯ ልጆች ናቸው።

የተሰበሰበው ገንዘብ በቀኑ መጨረሻ ይቆጠራል። ከፊሉ ለጋራ ድግስ ይውላል፤ የሚተርፈውን ይካፈሉታል፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጡም አሉ። ለብዙዎቹ በእጃቸው ገብቶ አጠቃቀሙን ራሳቸው የሚወስኑት የመጀመሪያው ገንዘብ ይህ ነው።

ቡድኑ የሚሰጠው ጥቅም

ቆቦ በምትገኝበት በሰሜን ወሎ ገጠር የልጃገረድነት ዘመን አጭር ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች ግማሾቹ 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው አግብተው ነበር፤ በአማራ ክልል ደግሞ ከዚህ ያነሰ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 ቢያደርግም ልማዱ በአንድ ጊዜ አልተለወጠም። በልጅነትና በትዳር መካከል ያለው ጊዜ ሲያጥር፣ ከእኩዮች ጋር የሚኖረው ዘመንም አብሮ ያጥራል። ሶለል ለዚያ አጭር ዘመን መልክ የሚሰጠው ነው፤ ልጅቷ የእገሌ ልጅ ወይም የእገሌ ሚስት ሳትባል የቡድኗ አባል ሆና የምትታወቅበት ጊዜ ነው።

ይህን ዘመን የሚያሳጥረው ሌላው ነገር ስደት ነው። ከራያ ቆቦና ከአካባቢው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤ አገሮች የሚሄዱት ወጣት ሴቶች ብዙ ናቸው። በኅዳር 2006 ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። የምትሰደደው ልጅ ብዙውን ጊዜ በቡድኑ ውስጥ ትልቋ፣ ግጥሙን አብዝታ የምታውቀው ናት። እሷ ስትሄድ አውጪነቱ ገና ላልደረሰች ታናሽ ይወርዳል። ግጥም ደግሞ በመጽሐፍ የሚተላለፍ አይደለም፤ ታናሺቱ ታላቋን ስትቀበል ኖራ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት የምታወጣው ነው። አንድ ዓመት ብቻ የተቋረጠ ቡድን ይህን ሰንሰለት ያጣል።

የሌላ አገር ምሳሌ

ለውበትና ለጭፈራ የሚወዳደሩ ሰዎች ቡድናቸውን እንደ ቤተሰብ ማደራጀታቸው በሌላ አገርም ይታያል። ከሶለል በብዙ ነገር የሚርቀው የኒው ዮርክ የድራግ ቦል ባህል ለዚህ ጉልህ ምሳሌ ነው። በሐርለም ሠፈር ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው የሚወዳደሩባቸው የዳንስ ድግሶች ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ይካሄዱ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ.፣ ክሪስታል ላቤጃ የተባለች ተወዳዳሪ ጥቁሮች በውድድሮቹ ላይ ይበደላሉ ብላ የራሷን ቡድን መሠረተችና «የላቤጃ ቤት» አለችው። ከዚያ ወዲህ ቡድኖቹ «ቤት»፣ መሪዎቻቸው «እናት» ወይም «አባት»፣ አባላቱ «ልጆች» ይባሉ ጀመር። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው «ፓሪስ ኢዝ በርኒንግ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ይህን ዓለም በሰፊው አሳወቀ። ከአባላቱ ብዙዎቹ በፆታ ማንነታቸው ወይም በተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ምክንያት ከወላጆቻቸው ቤት የተባረሩ ጥቁርና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ወጣቶች ነበሩ። ስለዚህ «እናት» መባል የስም ማዕረግ ሆኖ አልቀረም፤ የምታበላ፣ የምታስጠጋ፣ ለውድድር የምታለብስ ሴት ማለት ነበር።

ንጽጽሩ የሚጠቅመው ልዩነቱ ስለሚያስተምር ነው። የሐርለሙ ቤት የጠፋውን ቤት ይተካል፤ የሶለል ቡድን ግን ከነበረው ቤት ይወጣል። ድሪውን የምታውሰው የሥጋ አክስት ናት፤ ጠባቂው የእናት ልጅ ነው፤ ሽልማቱን የሚሰጠው በስሟ የሚያውቃት ጎረቤት ነው። አንዱ ቤተሰብን ከባዶ ይገነባል፤ ሌላው ያለውን ቤተሰብ ለጥቂት ቀን በልጃገረዶች እጅ ያስገባል። በሁለቱም ግን ጌጡና ውድድሩ ቡድን አስፈልጓቸዋል፤ ያለ ቡድኑ የሚቀረው ልብስ ብቻ ነው። ከሐርለም የተወለደው የቮግ ዳንስም በታዋቂ ሙዚቀኞች ቪዲዮ ዓለምን ሲዞር «ቤቶቹ» ሁልጊዜ አብረውት አልዞሩም።

ወደ መድረክ

የሶለል መድረክ የተገነባው ቀስ በቀስ ነው። የአማራ ክልል የሻደይን፣ የአሸንድዬንና የሶለልን ስም አንድ ላይ እያነሣ በሰቆጣ፣ በላሊበላና በቆቦ በዓሉን በአደባባይ ማክበር ጀመረ፤ በአዲስ አበባም ከየአካባቢው የመጡ ልጃገረዶች የሚቀርቡበት ዝግጅት ተለመደ። በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያንም በየሚኖሩበት ከተማ በነሐሴ መጨረሻ አዳራሽ ተከራይተው ያከብሩታል። ኢትዮጵያ የማይዳሰሱ ቅርሶችን ለመጠበቅ የወጣውን የዩኔስኮ ስምምነት ካጸደቀች በኋላ እ.ኤ.አ. መስቀልን በ2013፣ ፊቼ ጨምበላላን በ2015፣ የገዳን ሥርዓት በ2016፣ ጥምቀትን በ2019፣ የሐረሩን ሹዋሊድ በ2023 አስመዝግባለች፤ የልጃገረዶቹን በዓል ለማስመዝገብም ሲሠራ ቆይቷል።

ይህ ለውጥ ጥቅም አለው። ሶለል የሚለው ስም ከራያ ውጭ እምብዛም የማይታወቅ ነበር፤ አሁን በቴሌቪዥን ይነገራል። የጥልፍ ሠሪው፣ የብር አንጥረኛው፣ የሹርባ ሠሪዋ ሥራ ጨምሯል። በዓሉን እንደ ኋላ ቀርነት ያይ የነበረው የከተማ ወጣት ተመልሶ ይኮራበት ጀምሯል።

መድረኩ የሚፈልገው ግን በደጃፍ ላይ ከሚያስፈልገው የተለየ ነው። ፊት ለፊት የሚቆም ሕዝብ ስላለ ክቡ ወደ ሰልፍ ይለወጣል። ጊዜው በደቂቃ ስለሚለካ አውጪዋ የሚታወቀውን ግጥም ትመርጣለች፤ ለዕለቱና ለባለቤቱ የሚፈጠረው ግጥም ቦታ ያጣል። ሙገሳው ስሙ ከሚታወቅ አባወራ ወደ ክቡራን እንግዶች ይዞራል፤ ሾል ያለው ነቀፋ ደግሞ በመርሐ ግብር ላይ አይገባም። ልብሱ በአንድ ቀለም ይሰፋል፤ የአያት ድሪ ከመዋስ ይልቅ ተመሳሳይ ጌጥ ይገዛል። ሽልማቱም ከደጃፍ ወደ አበል ይለወጣል፤ ገንዘቡን የሚይዘው አስተባባሪው ይሆናል። በእያንዳንዱ ለውጥ የሚቀነሰው ቡድኑ ራሱ ይወስነው የነበረው ነገር ነው።

ዩኔስኮ በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ራሱ የማይዳሰስ ቅርስ ማለት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍና ማኅበረሰቡ ዘወትር እንደ አዲስ የሚፈጥረው ነው ይላል፤ በ15ኛው አንቀጹም ቅርሱን የሚያስቀጥሉት ሰዎች በአጠባበቁ እንዲሳተፉ አባል አገሮች እንዲጥሩ ይጠይቃል። በዚህ መለኪያ የሶለል ጠባቂዎች ከባህል ባለሙያዎች በፊት ልጃገረዶቹ ናቸው። መድረክ ላይ በቀረቡት ቡድኖች ቁጥር የሚመዘን ሥራ፣ በቀዬው ተሰባስቦ መዞር የቀጠለውንና የተበተነውን ቡድን አይለይም።

ጦርነቱና የተቋረጡት ዓመታት

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በሐምሌ 2013 ዓ.ም.፣ የትግራይ ኃይሎች ቆቦን ያዙ፤ ነሐሴ 16 ሲደርስ ከተማዋ በጦርነት ውስጥ ነበረች። በዚያው ክረምት መጨረሻ በቆቦ ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎችና አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዘገባዎቻቸው አስፍረዋል። የፌዴራሉ ሠራዊት አካባቢውን መልሶ የያዘው በታኅሣሥ 2014 ነው። በቀጣዩ ክረምት ደግሞ ለወራት የቆየው የተኩስ ማቆም ነሐሴ 18 ቀን 2014 በዚሁ በቆቦ ግንባር ፈረሰ፤ ነሐሴ 21 ቀን የመንግሥት ሠራዊት ከከተማዋ መውጣቱ ተገለጸ። ውጊያው የጀመረው በሶለል ሦስተኛ ቀን፣ ከተማዋ የተለቀቀችው ጨዋታው በሚያበቃበት ቀን ነበር። የሰላም ስምምነቱ የተፈረመው በፕሪቶሪያ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015፣ በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተነሣው ግጭት ምክንያት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ሌላ ነሐሴም በሥጋት መጣ።

እነዚህ ዓመታት በቡድኑ ላይ ያደረሱት ጉዳት በመድረኩ ላይ ካደረሱት ይለያል። መድረክ በጸጥታ ምክንያት ሲሰረዝ በሚቀጥለው ዓመት በበጀት ይመለሳል። የቀዬው ሶለል ግን የሚያስፈልገው ነገር በበጀት አይገዛም፦ ልጅን በማለዳ ልኮ በምሽት የሚጠብቅ ወላጅ፣ በር ከፍቶ የሚወጣ አባወራ፣ መንደር ለመንደር የሚያስኬድ መንገድ። በ2012 አሥራ አንድ ዓመቷ የነበረች ልጅ በ2015 አሥራ አራት ሞልቷታል። በመካከል ያለፉት ክረምቶች ተቀባይ ሆና ግጥም የምትለምድባቸው ነበሩ።

በዓሉ ከዚህ ቀደምም ብዙ ክፉ ዘመን አልፎበታል። ራያን ደጋግሞ የመታው ድርቅ፣ በ1977 ዓ.ም. በቆቦ፣ በአላማጣና በኮረም መንገድ ዳር የተሰበሰበው የረሃብ ስደተኛ፣ የዚያ ዘመን ጦርነት ሶለልን ሳያጠፉት አልፈዋል። የተረፈው ታላቅ እህት ለታናሽ የምታስተላልፈው ነገር ስለነበረ ነው፤ አንድ መንደር ሲቋረጥ ከጎረቤት መንደር ይወሰዳል፤ ከቆቦ የጠፋ ግጥም በላስታ ወይም በዋግ ዘመድ ዘንድ ይገኛል። የአስተዳደር ወሰን በየዘመኑ ቢለዋወጥም ዘፈኑ ተሻግሮ ሲመለስ ኖሯል።

ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ሥራን ይመለከታል። መድረኩ በቀዬው ላይ ሲጨመር ሶለልን ያሰፋዋል፤ ቀዬውን ሲተካ ግን ልብሱን ይዞ ቡድኑን ይጥላል። በበዓሉ ላይ የሚወጣ ገንዘብ ከመርሐ ግብሩ በፊት ለልጃገረዶቹ ቢደርስ፣ ወደ አደባባይ የሚመጡት ተመልምለው ሳይሆን በራሳቸው አውጪና በራሳቸው ገንዘብ ያዥ ተሰባስበው ቢሆን፣ ከሰልፉ በኋላ ወደ ቀዬአቸው ተመልሰው ከደጃፍ ወደ ደጃፍ የሚዞሩበት ቀን ቢተርፋቸው ሁለቱ ኑሮዎች ይደጋገፋሉ። የአንድ ዓመት ሶለል መሳካቱ የሚታወቀውም በነሐሴ 16 ሰልፍ ርዝመት አይደለም፤ በዚያ ዓመት የተቀበለች ታናሽ በሚቀጥሉት ዓመታት ለማውጣት መድረሷ ነው መለኪያው።